ክትባትን በልጆች ክንድ ያሻገረው ሐኪም

በፊቸር አጻጻፍ ኮርሳችን ከሞተ ብዙ ዘመን ያለፈው ታዋቂ ሰው ታሪክ ጻፉ ስንባል እኔ የመረጥኩት እንግሊዛዊውን ሐኪም ኤድዋርድ ጄነርን ነበር። የፈንጣጣን ክትባት ያገኘ ሰው ነው፤ ማንም ያውቀዋል፤ ሥራው ይቀለኛል ብዬ ነበር። ሁለት ገጽ ያህል ከጻፍኩ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ አላስቀምጥ አለኝ። እሺ፣ ክትባቱ እንግሊዝ ገጠር ውስጥ ተገኘ። ከዚያስ? ከባሕር ማዶ ላለው ድሃ ማን ከፍሎ፣ በምን ተጭኖ ደረሰለት? ይህንን ጥያቄ ስከተል ጄነርን ትቼ ሌላ ሰው ደጃፍ ደረስኩ። ሰውየው ፍራንሲስኮ ሀቪየር ደ ባልሚስ ይባላል። በስፔንና በላቲን አሜሪካ ስመ ጥር ነው፤ እኔ ግን ከዚህ ሥራ በፊት ስሙን ሰምቼው አላውቅም ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባልሚስ በ1753 በስፔን የወደብ ከተማ በአሊካንቴ ተወለደ። አባቱም አያቱም የቀዶ ሕክምና ሙያተኞች ስለነበሩ እሱም የእነሱን መንገድ ያዘ። ሙያውን በከተማው የጦር ሆስፒታል ተማረ፤ በ1775 ስፔን በአልጀርስ ላይ ባደረገችው ዘመቻ ከሠራዊቱ ጋር ዘመተ። ቀጥሎ አትላንቲክን ተሻግሮ ሜክሲኮ ሲቲ በሚገኝ ሆስፒታል ሠራ። እዚያ ሳለ አገሬው የሚጠቀምባቸውን ዕፅዋት ለአባለዘር በሽታ መድኃኒትነት አጠና። ወደ ማድሪድ ሲመለስ ደግሞ ከንጉሥ ካርሎስ አራተኛ ሐኪሞች አንዱ ሆነ። እንግዲህ ቤተ መንግሥቱንም ቅኝ ግዛቱንም ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ነበር ማለት ነው። ይህ በኋላ ጠቅሞታል።

ፈንጣጣን ወደ አሜሪካ የወሰዱት አውሮፓውያን ራሳቸው ናቸው። በ1520 ሜክሲኮ ሲገባ በሽታውን ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀውን ሕዝብ እንደ ቅጠል አረገፈው። ከዚያ ወዲህም በየጊዜው እየተነሳ ይገድል ነበር። በ1802 አሁን የኮሎምቢያ ዋና ከተማ በሆነችው በቦጎታ ሲነሳ የከተማዋ ሹማምንት ለንጉሡ የድረሱልን ደብዳቤ ላኩ።

ጄነር ግኝቱን ካሳተመ ያን ጊዜ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። ነገሩን በአጭሩ ለማስረዳት፣ የላም ፈንጣጣ የሚባል ቀላል በሽታ አለ፤ እሱ የያዘው ሰው ገዳዩ ፈንጣጣ አይነካውም። ጄነር ያደረገው ይህንን ቀላል በሽታ ሆን ብሎ በክንድ ላይ መጫር ነው። በአውሮፓ ቋንቋዎች የክትባት መጠሪያ የሆነው ቫክሲን የሚለው ቃልም የመጣው ላም ከሚለው የላቲን ቃል ነው። ለቦጎታ ሰው ግን ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ነበር። መድኃኒቱ አለ፣ እሱ ጋ የለም።

ካርሎስ አራተኛ ፈንጣጣን በወሬ ብቻ የሚያውቅ ንጉሥ አልነበረም። ወንድሙን ገብርኤልን በ1788፣ ልጁን ማሪያ ቴሬሳን በ1794 ቀብሯል። ስለዚህ ክትባቱ በመንግሥት ወጪ ወደ ቅኝ ግዛቶቹ ሁሉ እንዲሄድና ለሕዝቡ በነፃ እንዲሰጥ አዘዘ። ያው ርኅራኄ ብቻ ነው ብለን አንሞኝ፤ የሞተ ሰው ግብር አይከፍልም፣ ማዕድንም አይቆፍርም። ቢሆንም ውሳኔው ትልቅ ነበር። ወጪው ከንጉሡ ግምጃ ቤት፣ በየደረሱበትም ከአካባቢው የመንግሥት ካዝና እንዲሸፈን ተደረገ። የዘመቻው መሪ ሆኖ የተሾመው ባልሚስ ነው። ስለ ክትባቱ የተጻፈ አንድ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ በ1803 ወደ ስፓኒሽ ተርጉሞ ስለነበር ጉዳዩን ጠንቅቆ ያውቀው ነበር።

ችግሩ ማጓጓዙ ላይ ነበር። ያኔ ማቀዝቀዣ የሚባል ነገር የለም። ከተከተበ ሰው ቁስል የሚወሰደው ፈሳሽ በክር ወይም በመስታወት ላይ ደርቆ ሲላክ በረጅሙ የባሕር ጉዞና በሙቀቱ ይበላሻል። ፈሳሹ ሳይበላሽ የሚቆይበት ዕቃ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሰው አካል። የተከተበው ልጅ ክንድ ላይ በዘጠኝ በአሥር ቀን ውሃ የቋጠረ ቁስል ይወጣል፤ ከዚያ ፈሳሽ ተወስዶ ሌላው ልጅ ይከተባል፤ ከሱ ደግሞ ወደ ቀጣዩ። ቅብብሎሹ እንዳይቋረጥ ፈንጣጣም ይዟቸው የማያውቅ፣ ተከትበውም የማያውቁ ልጆች ያስፈልጋሉ። የማን ልጆች? የትኛው ወላጅ ልጁን አሳልፎ ይሰጣል? መልሱ ቀላል ሆኖ ተገኘ፤ ወላጅ የሌላቸው።

በኅዳር 30 ቀን 1803 ማሪያ ፒታ የምትባል መርከብ ላ ኮሩኛ ከሚባለው ወደብ ስትነሳ ሃያ ሁለት ወላጅ አልባ ወንዶች ልጆች ጭና ነበር። ዕድሜያቸው ከሦስት እስከ ዘጠኝ ዓመት ነው። ከነሱ ጋር የማሳደጊያው ኃላፊ ኢሳቤል ዘንዳል ተሳፍራለች፤ ከዘመቻው አባላት ብቸኛዋ ሴት እሷ ናት። ከልጆቹ አንዱም የራሷ ልጅ ነበር። ስሟ በመዝገቦቹ ላይ በብዙ ዓይነት ተጽፎ ይገኛል፤ አንዱ ጸሐፊ እንዲህ ይላታል፣ ሌላው እንዲያ። የሐኪሞቹ ስም ግን እንዲህ አልተምታታም። ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ይህ ራሱ ትምህርት ይመስለኛል።

የኢሳቤልን ሥራ ሳስበው ይከብደኛል። በሚዋዥቅ መርከብ ላይ ሃያ ሁለት ሕፃናት መመገብ፣ ማጠብ፣ ሲያስመልሳቸው መያዝ፣ ሌሊት ቁስላቸውን እንዳያክኩ መጠበቅ። የተከተቡትና ያልተከተቡት ተነካክተው ያለ ተራቸው ከተላላፉ ሰንሰለቱ ተበጠሰ ማለት ነው። ሐኪሙ የሚከትበው ሁለት ሁለት ልጆችን ነበር፤ የአንዱ ቢከሽፍ የሌላው እንዲተርፍ።

ዘመቻው በካናሪ ደሴቶች አንድ ወር ያህል ቆይቶ በየካቲት 1804 ፖርቶ ሪኮ ደረሰ። እዚያ ባልሚስ ያልጠበቀው ነገር ገጠመው። አንድ የአካባቢው ሐኪም ክትባቱን ከጎረቤት ደሴት አስመጥቶ ሥራውን ጀምሮታል። ደስ ሊለው ሲገባ ተቆጣ። የናንተ ክትባት አይሠራም ብሎ ከሐኪሙም ከገዥውም ተጣላ። በጭቅጭቁ መሐል ለቀጣዩ ጉዞ የሚሆኑ ልጆች በበቂ ሳይገኙ ቀሩ። መርከቧ የቬኔዙዌላ ጠረፍ ስትደርስ ያልደረቀ ቁስል ያለው አንድ ልጅ ብቻ ነበር የቀረው። የዚያ ሁሉ ገንዘብና የዚያ ሁሉ ድካም ፍጻሜ በአንድ ሕፃን ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ፖርቶ ካቤዮ በሚባለው ወደብ በጥድፊያ ወርደው የአካባቢውን ልጆች ከተቡ፤ ሰንሰለቱ ተረፈ።

ባልሚስ ኩሩና ቁጡ ሰው ነበር፤ ይህንን መደበቅ አልፈልግም። ካራካስ ላይ ያቋቋመው ነገር ግን ከጉዞው ሁሉ ይበልጥብኛል። ይኸውም ማዕከላዊ የክትባት ቦርድ ነው። ሐኪሞችና የከተማው ታላላቅ ሰዎች አባል ሆኑበት፤ በተወሰነ ቀን በየጊዜው ይከተባል፤ የተከተበው ይመዘገባል፤ ክፍያ የለም። መከተቢያው ቤት ከሆስፒታል የተለየ እንዲሆን ይፈልግ ነበር፤ ሰው በሽታ ወዳለበት ቤት ልጁን ይዞ መሄድ ይፈራልና። ባልሚስ አንድ ነገር ገብቶታል። መርከብ መጥታ ትሄዳለች። ከሄደች በኋላ የሚወለዱትን ልጆች የሚከትብ፣ በጀትና ኃላፊ ያለው ቋሚ ተቋም ከሌለ ዘመቻው የአንድ ሰሞን ግርግር ሆኖ ይቀራል።

ከቬኔዙዌላ በኋላ ጓዱ ለሁለት ተከፈለ። ምክትሉ ሆሴ ሳልቫኒ ወደ ደቡብ አቀና። መርከቡ በማግዳሌና ወንዝ መፍሰሻ አካባቢ ተሰበረች፤ ቆይቶም አንድ ዓይኑን አጣ። እሱ ግን ቦጎታን፣ ኪቶን አልፎ በ1806 ሊማ ደረሰ። ሊማ ላይ የጠበቀው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ክትባቱ ቀድሞት ገብቶ የገበያ ዕቃ ሆኗል፤ ያለው ይገዛል፣ የሌለው ይቀራል። በነፃ እሰጣለሁ ብሎ የመጣው ሰው ታዲያ እንዴት ይወደድ? ሳልቫኒ ሥራውን ሳያቋርጥ በ1810 አሁን ቦሊቪያ በሆነችው አገር በኮቻባምባ ሞተ። አገሩን ተመልሶ አላየም።

ባልሚስ በበኩሉ ወደ ኩባና ሜክሲኮ ተጓዘ። ሀቫና ላይ ወደ ሜክሲኮ ይዟቸው የሚሻገር ልጆች ሲያጣ ሦስት ሴት ባሪያዎችን ገዝቶ ክትባቱን በእነሱ ክንድ አስተላለፈ። ይህንን ሳነብ ብዕሬን አስቀመጥኩ። ለሁሉም እኩል ይድረስ የተባለው መድኃኒት በተሸጠ ሰው አካል ላይ ተጓዘ። ከአካፑልኮ ወደ ማኒላ በ1805 ሲሻገር ሃያ ስድስት የሜክሲኮ ልጆች ይዞ ነበር። ወለል ላይ ተኝተው መርከቧ ስትናጥ አንዱ ሌላው ላይ እየተንከባለለ ያለ ተራቸው ይላላፉ እንደነበር ባልሚስ ራሱ አቤቱታ አቅርቧል። ከፊሊፒንስ ወደ ማካዎ ሲሄድ በማዕበል ለጥቂት ተረፈ፤ እዚያና በቻይና ካንቶን ከተማ ክትባቱን ካስተዋወቀ በኋላ በመመለሻው ቅድስት ሔለና ደሴት ላይም ከተበ። በ1806 ማድሪድ ሲገባ ዓለምን ዞሯል። ወሬውን የሰማው ጄነር ራሱ ዘመቻውን አድንቋል።

ልጆቹስ? ከስፔን የመጡት ራሳቸውን እስኪችሉ በመንግሥት ወጪ እንዲያድጉና እንዲማሩ የንጉሡ ትእዛዝ ነበር። ሜክሲኮ ሲቲ ሲደርሱ ግን የድሆች መጠለያ ውስጥ ገቡ። ባልሚስ ይህ አይደለም የተባለው ብሎ ከገዥው ጋር ተከራከረ። ከጊዜ በኋላ ብዙዎቹ አሳዳጊ ቤተሰብ አገኙ። የሜክሲኮ ልጆች በ1807 ከማኒላ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ኢሳቤልም አብራቸው ተመልሳ ኑሮዋን ሜክሲኮ ውስጥ አደረገች፤ ስፔንን ዳግም አላየችም። ልጆቹን ፈቃዳቸውን የጠየቃቸው የለም፤ መርከቡ ሲቀበል የተደረገላቸው አቀባበል ግን ታላቅ ነበር፤ ደወል ተደወለ፣ ቅዳሴ ተቀደሰ። እልልታው ሲያበቃ ቃል የተገባላቸውን ለማግኘት ደጅ መጥናት ነበረባቸው።

የባልሚስ መጨረሻም የተደላደለ አልነበረም። በ1808 ናፖሊዮን ስፔንን ሲወር ለወራሪው ንጉሥ አልገዛም ብሎ ከማድሪድ ሸሸ፤ ቤቱም ተዘረፈ። በ1810 እንደገና ወደ ሜክሲኮ ሄደ። የሄደው የክትባት ቦርዶቹ በሕይወት አሉ ወይ ብሎ ለማየት ነው። የነፃነት ጦርነቱ እየተቀጣጠለ፣ ሥራውም እየተዳከመ አገኘው፤ የቻለውን አስተካክሎ ተመለሰ። በ1819 በማድሪድ አረፈ።

ፈንጣጣ ከዚያ በኋላም ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሰው ሲገድል ኖሯል። በሀገራችን የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው በ1976 በደቡብ ምሥራቁ ቆላ ነው። በቀጣዩ ዓመት ሶማሊያ ውስጥ የመጨረሻው በተፈጥሮ የተያዘ ሰው ተመዘገበ፤ በ1980 በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ክትባቱ ከተገኘ ከ180 ዓመት በላይ መቆየቱ ነው። ለምን ቢባል፣ ከመንገድ የራቀው መንደር ድረስ ተሄዶ የሚከተብበት ገንዘብና ሰው ከየአገሩ መንግሥትና ከዓለም አቀፍ ድርጅት በአንድነት የተመደበው ዘግይቶ ስለሆነ ነው።

በኮቪድ ጊዜ የስፔን ጦር በ2020 ያካሄደው የእርዳታ ዘመቻ በባልሚስ ስም ተጠርቷል፤ ማድሪድ ውስጥ በዚያው ዓመት የተከፈተ ሆስፒታልም የኢሳቤልን ስም ይዟል። በዚያ ወረርሽኝ ሀብታም አገሮች ክትባቱን ከፋብሪካ ሳይወጣ ገዝተው ሲያከማቹ፣ ወደ እኛ የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን ያህል ክትባት በመጋቢት 2021 የገባው ኮቫክስ በሚባለው የጋራ የገንዘብ ማዕቀፍ በኩል ነው። ኮቫክስ ራሱ በ2023 መጨረሻ ተዘግቷል። ነገሩ እንደ ማሪያ ፒታ ነው፤ መርከቧ መጣች፣ ሄደች።

ስለ ክትባት ስንጽፍ ማን ፈጠረው ብለን እንጀምራለን፤ እኔም የጀመርኩት እንደዚያ ነው። አሁን ግን ሦስት ጥያቄ እጨምርበታለሁ። ማን ከፈለ? መርከቧ ከሄደች በኋላስ ማን ይከፍላል? ሦስተኛው፣ በማን ክንድ ላይ ተጓዘ? ባልሚስ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች በዘመኑ ከነበረው ሁሉ የተሻለ መልስ ሰጥቷል። ለሦስተኛው የሚሆን ጥሩ መልስ ግን አልነበረውም። የሃያ ሁለቱን ልጆች ስም ዝርዝር አግኝቼ በደብተሬ ጽፌዋለሁ። ለዛሬው በዚሁ ይብቃኝ።