ሪቻርድ አርክራይት፦ ጥጥን ለፈትል ያሰናዳው ፀጉር አስተካካይ

ጥጥ ከማሳ ተለቅሞ ፍሬው ከተለየለት በኋላ ወዲያው ወደ እንዝርት አይሄድም። ከገለባና ከአቧራ መጽዳት፣ መላላት፣ የተጠላለፈው ፋይበር ተፍታቶ ወደ አንድ አቅጣጫ መበጠርና ባዘቶ መሆን አለበት። በአገራችን ጥጡን በመዳመጫ ዳምጦ፣ በደጋን ነድፎና አባዝቶ ለፈታይዋ እስከማቅረብ ያለው ድካም ይኸው ነው። በእንግሊዝ አገርም እስከ 18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ባዘቶ የሚዘጋጀው በየቤቱ፣ በእናቶችና በልጆች እጅ ነበር። ሥራው የሚከናወነው የሽቦ ጥርስ በተተከለባቸው ሁለት የእንጨት ማበጠሪያዎች መካከል ጥጡን ደጋግሞ በመሳብ ነበር።

ይህን ሥራ ከሰው እጅ አውጥቶ ያለማቋረጥ ለሚሽከረከር ማሽን በማስረከብ ስሙ የሚነሳው ሰው ሪቻርድ አርክራይት ነው። ማሽኑ የእርሱ የራሱ ፈጠራ ነው ወይስ ከሌሎች የተወሰደ የሚለው ጥያቄ ግን ገና በሕይወት ሳለ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ሲያመላልሰው ኖሯል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አርክራይት የተወለደው በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ በላንካሻየር ግዛት ፕሬስተን በተባለች ከተማ ዲሴምበር 23 ቀን 1732 ነው። አባቱ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ቤተሰቡ ብዙ ልጆች ያሉትና ኑሮው ዝቅተኛ በመሆኑ ሪቻርድ ትምህርት ቤት የመግባት ዕድል አላገኘም፤ ፊደል ያስቆጠረችው የዘመዱ ልጅ ኤለን እንደነበረች ይነገራል። በልጅነቱ የፀጉር አስተካካይነት ሙያ ተምሮ በ1750 አካባቢ ወደ ቦልተን ከተማ በመሄድ ሙያውን ቀጠለ። በ1755 አግብቶ በዚያው ዓመት ስሙን የወረሰ ወንድ ልጅ ቢያገኝም ሚስቱ ፔሸንስ በማግስቱ ዓመት አረፈች። በ1761 ማርጋሬት ቢጊንስ የተባለች ሴት አገባ።

በዚያን ዘመን የእንግሊዝ ባላባትና ነጋዴ ሁሉ ሰው ሠራሽ ፀጉር ያደርግ ነበር። አርክራይት ለዚሁ ሥራ የሚሆን ፀጉር ለመግዛት በየመንደሩና በየገበያው ይዞር ጀመር፤ የማይለቅ የፀጉር ቀለም አሰራርም ያውቅ ነበር። ይህ ዙረት ያተረፈለት ገንዘብ ብቻ አልነበረም። ላንካሻየር የሸማኔዎችና የፈታዮች አገር በመሆኑ የትም ቢሄድ የሚሰማው አንድ ዓይነት ብሶት ነበር። ሸማኔው ለአንድ ቀን ሥራ የሚበቃውን ፈትል ለማግኘት ከቤት ቤት መዞር ነበረበት፤ ሸማው የሚጠብቀው ፈትሉን፣ ፈትሉም ባዘቶውን ነበር። የሰው ሠራሽ ፀጉር ፋሽን እየቀዘቀዘ ሲሄድ ፀጉር አስተካካዩ ፊቱን ወደዚሁ ችግር አዞረ።

በ1767 ጆን ኬይ ከተባለ የዋሪንግተን ሰዓት ሠሪ ጋር ተገናኘ። ኬይ ቀደም ሲል ቶማስ ሃይስ ከተባለ ሰው ጋር በፍጥነት የሚለያዩ ሮለሮችን የሚጠቀም መፍተያ ለመሥራት ሲሞክር የቆየ ባለሙያ ነበር። በሮለር የመፍተል ሐሳብ ከዚያም በፊት፣ በ1738 በሌዊስ ፖል ስም ተመዝግቦ ነበር። አርክራይት ኬይን ይዞ የራሱን መፍተያ ካሠራ በኋላ ወደ ኖቲንግሃም ተሻግሮ በ1769 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። በገንዘብ የደገፉት ሸሪኮቹ፣ በተለይም ሳሙኤል ኒድና ጄደዳያ ስትራት፣ በካልሲ ንግድ የበለጸጉ ሰዎች ነበሩ። በ1771 ሥራው በደርቢሻየር ግዛት በደርወንት ወንዝ ሸለቆ ወደምትገኘው ክሮምፎርድ ተዛወረ። ቦታው የተመረጠው ከእርሳስ ማዕድን ማውጫ የሚወርደው ሞቅ ያለ ውሃ በክረምት የማይቀዘቅዝ በመሆኑ ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር በደርቢ ጋዜጣ ያወጡት ማስታወቂያ ሰዓት ሠሪዎችን፣ አንጥረኛና አናጢዎችን፣ እንዲሁም ሴቶችንና ልጆችን ለሥራ ይፈልግ ነበር። የማሽን ሙያ ገና ራሱን ችሎ ባልቆመበት ዘመን ጥርስ ለጥርስ የሚገጥም መዘውር መቅረጽ የሚችለው ሰዓት ሠሪ ነበርና ነው።

የውሃ ኃይል መፍተያው ጠንካራ ክር ሰጠ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ የእንግሊዝ ሸማኔ የጥጥ ክር የሚጠቀመው ለማግ ብቻ ነበር፤ ድሩ የተልባ እግር ክር መሆን ነበረበት። አሁን ድሩም ማጉም ጥጥ የሆነ ሸማ መሥራት ተቻለ። ይሁንና የአገሪቱ ሕግ የሱፍ አምራቾችን ለመጠበቅ ሲባል ሙሉ የጥጥ ጨርቅን ይከለክል ስለነበረ አርክራይትና ስትራት ለፓርላማ አቤት ብለው በ1774 ሕጉን አስለወጡ።

ያን ጊዜ ትልቁ መሰናክል ጎልቶ ወጣ። መፍተያው የሚበላው ባዘቶ ሰው በእጁ አበጥሮ ሊያደርስለት ከሚችለው በላይ ሆነ። ቀንና ሌሊት የሚፈትል ፋብሪካ ቀንና ሌሊት ባዘቶ የሚያቀርብለት ይሻል። ስለ አርክራይት ሲወሳ መፍተያው ቢቀድምም ፋብሪካውን ፋብሪካ ያደረገው ከዚህ በኋላ የተሠራው ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

የማባዘቻ ማሽን ሐሳብም አዲስ አልነበረም። በ1748 ሌዊስ ፖልና ዳንኤል ቦርን በየፊናቸው የሽቦ ጥርስ ያለው ማባዘቻ አስመዝግበዋል። በጥርስ የተሸፈነ ሲሊንደር ሲሽከረከር ጥጡን እየሳበ ያበጥረዋል፤ እስከዚህ ድረስ ሥራው ሠመረ። ችግሩ የነበረው ማጉረሱና ማውለቁ ላይ ነው። ጥጡን በጥቂት በጥቂቱ በእጅ ማጉረስ ያስፈልግ ነበር። ከተበጠረ በኋላም ማሽኑ ይቆምና ሠራተኛው መርፌ መሰል ጥርስ ባለው ዘንግ ጥጡን ከሲሊንደሩ ላይ ያነሳዋል። የሚወጣው ባዘቶ አጫጭር ቁራጭ ስለሆነ አንዱን ከሌላው መቀጣጠሉ ደግሞ የልጆች ሥራ ነበር። ማሽኑ ሠርቶ የሚቆም፣ ቆሞ የሚሠራ ሆነ።

አርክራይት ዲሴምበር 16 ቀን 1775 ያስመዘገበው ሁለተኛው የባለቤትነት መብት ይህን ሰንሰለት ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያያይዝ ነበር። ጥጡ በረጅም ጨርቅ ላይ እኩል ተነጥፎ ጨርቁ በዝግታ ሲንቀሳቀስ ማሽኑ ራሱ ይጎርሰዋል። ትልቁ ሲሊንደር ያበጥረዋል፤ በዝግታ የሚሽከረከር ሌላ ሲሊንደር ደግሞ የተበጠረውን ይቀበላል። ከዚህኛው ፊት ለፊት በክራንክ እየተነዳ በፍጥነት ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ቀጭን የብረት ማበጠሪያ ተገጥሟል። ማበጠሪያው ጥጡን እንደ ሸረሪት ድር በሳሳ አንድ ወጥ ገጽ ያወልቀዋል፤ ሲሊንደሩም መቆም አያስፈልገውም። የሳሳው ጥጥ በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ሲሰበሰብ መቋጫ የሌለው ባዘቶ ሆኖ ይወጣል። ከዚያም ብዙ ባዘቶዎች አንድ ላይ ተደርገው ፍጥነታቸው በሚለያይ ሮለሮች መካከል ይሳባሉ፤ የአንዱ ቅጥነት በሌላው ውፍረት እየተካካሰ ፋይበሩ ይስተካከላል። በመጨረሻም በሚሽከረከር ቆርቆሮ ውስጥ ትንሽ ተከርሮ ወደ መፍተያው ይሄዳል። በዚህ ሁሉ ሂደት የሰው እጅ የሚገባው ጥጡን ለማቅረብና የተበጠሰውን ለመቀጠል ብቻ ነው።

ያች በክራንክ የምትነዳ ማበጠሪያ ከማሽኑ ክፍሎች ሁሉ ትንሿ ብትሆንም ዋናው ክርክር የተነሳው በእርሷ ላይ ነበር።

አርክራይት መብቱን ለሌሎች ባለሀብቶች በከፍተኛ ክፍያ ያከራይ ነበር። ብዙዎች ሳይከፍሉ ማሽኖቹን እየቀዱ መጠቀም ሲጀምሩ በ1781 ከሰሳቸው፤ ነገር ግን ተሸነፈ። ምክንያቱ አሠራሩን በመዝገብ ሲያስቀምጥ ሌላ ሰው አንብቦ ሊሠራው በማይችልበት መንገድ አድበስብሶ ጽፏል መባሉ ነው። እርሱም ይህን ያደረገው የውጭ አገር ሰዎች እንዳይቀዱት በማሰብ እንደነበረ በኋላ ባሳተመው ጽሑፍ ገልጿል። በፌብሩዋሪ 1785 ጉዳዩ በሌላ ፍርድ ቤት እንደገና ሲታይ ታዋቂው መሐንዲስ ጄምስ ዋት ጽሑፉ ለባለሙያ ግልጽ እንደሆነ መስክሮለት ረታ። ይህ ድል የላንካሻየር ፋብሪካ ባለቤቶችን አስደነገጠ። መብቱ ከጸና እያንዳንዳቸው ለአርክራይት ገባር መሆናቸው ነበር።

በመሆኑም ጁን 25 ቀን 1785 መብቱ ከሥሩ እንዲሰረዝ የቀረበው ክስ በንጉሡ ፍርድ ቤት ታየ። ቶማስ ሃይስ ቀርቦ ሮለሩ የእርሱ ሐሳብ መሆኑን ተናገረ። ጆን ኬይም የሃይስን ሥራ ለአርክራይት ያሳየው ራሱ መሆኑን መሰከረ። ጄኒ የተባለውን የእጅ መፍተያ የሠራው ጄምስ ሃርግሪቭስ በ1778 ሞቶ ስለነበረ ባልቴቱና ልጁ ጆርጅ በስሙ ቆሙ፤ ክራንኩንና ማበጠሪያውን ያወጣው ሃርግሪቭስ እንደሆነ አስረዱ። ጥጡን የሚያጎርሰው ጨርቅም ቀደም ሲል በ1772 በማንቸስተሩ ጆን ሊስ ተሠርቷል ተባለ። ዳኞቹ በአርክራይት ላይ ፈረዱ። በኖቬምበር ያቀረበው የድጋሚ ችሎት ጥያቄም ውድቅ ተደርጎ መብቱ ተሰረዘ።

ፍርዱን ትክክል ነው የሚሉም ያልሆነ ነው የሚሉም ታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። ከምስክሮቹ አብዛኞቹ የአርክራይት ተቀናቃኞች ወይም ቂም ያላቸው ሰዎች መሆናቸው አይካድም። ያም ሆኖ የማሽኑ ክፍሎች አንድ በአንድ ሲታዩ ከሌሎች እጅ ያልመጣ ጥቂት መሆኑም እንዲሁ አይካድም። እነ ፖልና ቦርን ያልቻሉትን፣ እነ ሃርግሪቭስም በትንሽ አውደ ጥናት የተዉትን፣ ክፍሎቹን እርስ በርስ አስማምቶ በአንድ የውሃ መዘውር እንዲንቀሳቀሱ ያደረገ ግን እርሱ ነው። ሃይስ በድህነት ኖሮ በድህነት ሞተ፤ አርክራይት መብቱን ቢነጠቅም ሀብቱ አልተነካም።

የማሽኑ መስፋፋት ለሁሉም እኩል ብሥራት አልነበረም። በኦክቶበር 1779 እንጀራችንን ሊቀማን ነው ያሉ ሠራተኞች ቾርሊ አጠገብ በበርካከር የነበረውን ፋብሪካውን አቃጠሉት። አርክራይትም ክሮምፎርድን በመድፍና በጠመንጃ ማስጠበቅ ግድ ሆኖበት ነበር። በፋብሪካዎቹ ከሠራተኛው አብላጫውን ቁጥር የያዙት ልጆች ሲሆኑ የሰባት ዓመት ሕፃናት ሳይቀሩ ተቀጥረው ነበር። ፈረቃው 13 ሰዓት ያህል ይረዝማል፤ ቀን የሚሠሩት ሲወጡ የሌሊቶቹ ይገባሉ። በአንጻሩ ለሠራተኞቹ በ1776 አካባቢ የሠራቸው የድንጋይ ቤቶች ለዘመኑ ደህና መኖሪያ ነበሩ፤ ሚስትና ልጆች ፋብሪካ ሲውሉ አባት በቤቱ ሰገነት ሸማ ይሠራ ነበር።

ጥጡ የሚመጣውም ከሩቅ ነው። በ1770ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ በዓመት በአማካይ 2 ሚሊዮን ኪሎ ግራም ገደማ ጥጥ ታስገባ ነበር፤ በ1790 ግን መጠኑ ወደ 14 ሚሊዮን ኪሎ ግራም አሻቀበ። ከዚህ ብዙው በካሪቢያን ደሴቶችና በብራዚል በባርነት በተያዙ አፍሪካውያን ጉልበት የተመረተ ነበር። ማባዘቻው በፈጠነ መጠን የእነርሱም ሥራ ከበደ።

አርክራይት በ1786 ከንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ የሰርነት ማዕረግ ተቀበለ፤ በ1787 ደግሞ የደርቢሻየር ሸሪፍ ሆኖ ተሾመ። ከአምሳ ዓመቱ በኋላም በልጅነቱ ያመለጠውን ሰዋስውና የፊደል አጻጻፍ ለመማር ከእንቅልፍ ሰዓቱ ይቀንስ እንደነበር ይነገርለታል። ዕድሜውን ሙሉ በአስም ሲሠቃይ ቆይቶ ኦገስት 3 ቀን 1792 በ59 ዓመቱ በክሮምፎርድ አረፈ። የተወው ሀብት ግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ ተገምቷል።

ሚስጥሩን በድብስብስ ጽሑፍ ማቆየት አልተቻለም። የስትራት ተለማማጅ የነበረው ሳሙኤል ስሌተር በ1789 የማሽኖቹን አሠራር በጭንቅላቱ ይዞ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ በማግስቱ ዓመትም በሮድ አይላንድ ፖታኬት ውስጥ ማባዘቻውንና መፍተያውን አቆመ። ዛሬ በየአገሩ የጥጥ ፋብሪካ ካርዲንግ በሚባለው ክፍል የሚሽከረከረው ትልቅ ሲሊንደርና ጥጡን የሚቀበለው ሌላኛው ሲሊንደር የዚያው ማሽን ዝርያዎች ናቸው። ተመላላሿ ማበጠሪያ ግን ከ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ በፈጣን ማሽኖች ላይ በሮለር ተተክታለች።

የደርወንት ሸለቆ ፋብሪካዎች በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ሠዓሊው ጆሴፍ ራይት በ1789 እና 1790 በሣለው ምስል ላይ አርክራይት ሆዱ ገፋ ብሎ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይታያል፤ ከጎኑ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጡለት የመፍተያውን ሮለሮች ነው። ብዙ ያሟገተው የማባዘቻ ማሽን ደግሞ ለንደን በሚገኘው የሳይንስ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ተቀምጧል።