ዩሪ ጋጋሪን፦ 108 ደቂቃና ከዚያ በኋላ

እኛ ሸማ ተራ ያደግን ልጆች ሰውን የምንለካው በእጁ ሥራ ነው። የዩሪ ጋጋሪንን ታሪክ ሳነብም መጀመሪያ የማረከኝ ሮኬቱ ሳይሆን የአናጢ ልጅ መሆኑ ነው።

ጋጋሪን በእኛ አቆጣጠር የካቲት 30 ቀን 1926 ዓ.ም በሩሲያ ክሉሺኖ መንደር ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ወታደሮች ቤታቸውን ስለቀሙ ቤተሰቡ ጭቃ ጎጆ ውስጥ ኖረ። ወንድሙንና እህቱንም ለግዳጅ ሥራ ወሰዱበት። ከጦርነቱ በኋላ የብረት ማቅለጥ ሙያ ተማረ፤ በሳራቶቭ የቴክኒክ ተማሪ ሳለ አውሮፕላን ማብረር ጀመረ። ቀጥሎ አየር ኃይል ገባና በ1952 ዓ.ም ከመጀመሪያዎቹ 20 የጠፈር ሠልጣኞች አንዱ ሆነ።

ለመሆኑ ጉዞው ምን ያህል አስጊ ነበር? ክብደት አልባ ሲሆን አእምሮው ቢናወጥስ ተብሎ የመንኮራኩሩ መቆጣጠሪያ ተቆልፎ ነበር፤ የመክፈቻው ቁጥር በፖስታ ታሽጎ ተቀመጠለት። ወደ ምድር የሚመልሰው ሞተር አንድ ብቻ ነው፤ ምትክ የለውም። እምቢ ካለ ብለው የ10 ቀን ያህል ስንቅ ጫኑለት። ሁለተኛ ልጁ ከተወለደች ገና አንድ ወሯ ነበር። ታዲያ ጋጋሪን ምናልባት ከሞተ ለባለቤቱ የሚሰጥ ደብዳቤ ጽፎ አስቀመጠ።

ሚያዝያ 4 ቀን 1953 ዓ.ም ቮስቶክ ተወነጨፈች። ጋጋሪን ምድርን አንዴ ዞሮ የተመለሰው በ108 ደቂቃ ነው። ሲመለስ የመሣሪያው ክፍል በወቅቱ አልላቀቅ ብሎ መንኮራኩሯ ክፉኛ ተሽከረከረች። መሬት 7 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ተስፈንጥሮ ወጣና በራሱ ፓራሹት ወረደ። የበረራ ክብረ ወሰን ደንብ አብራሪው ከነመንኮራኩሩ እንዲያርፍ ስለሚያዝ የሶቪየት መንግሥት ይህን ለዓመታት ደበቀው። ድር ቢያብር አንበሳ እንደሚያስር እየሰማን ላደግን ግን ነገሩ አያሳፍርም፤ ያ ሁሉ ሮኬት አልፎ መጨረሻ ላይ ሰውዬውን ያተረፈው ጨርቅና ገመድ ነው።

ጨርቁ ሁልጊዜ አይታዘዝም። ሚያዝያ 16 ቀን 1959 ዓ.ም ቭላዲሚር ኮማሮቭ የሶዩዝ ዋና ፓራሹት አልዘረጋ ብሎት ሞተ። የዚያ በረራ ተጠባባቂ ጋጋሪን ነበር። ከዚያ በኋላ መንግሥት ጀግናውን እንዳያጣ ፈርቶ ወደ ጠፈር እንዳይሄድ ከለከለው። እሱ ግን አርፎ አልተቀመጠም፤ በጦር አውሮፕላን ልምምድ ቀጠለ። መጋቢት 18 ቀን 1960 ዓ.ም ከአብራሪው ቭላዲሚር ሴሬጊን ጋር ሚግ 15 አውሮፕላናቸው ተከስክሶ ሞቱ። ጋጋሪን ገና 34 ዓመቱ ነበር። ደብዳቤው ለባለቤቱ የደረሳት ያኔ ነው።

ሰው ሁሉ አጨብጭቦለት ሳለ ለምን መብረር ፈለገ? ለዝና እንዳይባል ዝናውን ጠግቦታል። እኔ እንደሚመስለኝ ሐውልት ሆኖ መኖር ስላልቻለ ነው። ሸማኔም ቢሆን ሸማኔ የሚባለው መወርወሪያው ከእጁ እስካልወጣ ድረስ ነው። የጠፈር ጉዞ ማራኪነቱም ፈተናውም እዚህ ላይ ይገናኛል፤ የቀመሰው ሰው እቤቱ የሚጠብቁት ልጆች እያሉት እንኳ እንደገና ሽቅብ ያያል።