በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያትና የመጀመሪያው ቴአትር

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ሐረር ሄደው በራስ መኰንን ቤት አደጉ። በ1888 ዓ.ም. ራስ መኰንን ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ እርሳቸውም ተከትለው ዘመቱ። ከድሉ በኋላ ወደ ሩሲያ ተሻግረው የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ። ቀጥሎም በፈረንሳይና በእንግሊዝ አገር የእርሻ ትምህርት ቀሰሙ። በአውሮፓ ሳሉ ቴአትር ሕዝብን እያዝናና እንዴት እንደሚያስተምር ተመለከቱ።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ አንድ ጊዜ ቴአትር ይታያል ተብለው ተጋበዙ። የቀረበው ግን ዘፈንና ጭፈራ ብቻ ነበር። ዘፈንና ጭፈራ ያስደስታል፤ ነገር ግን ተመልካቹ የራሱን ጠባይ በሌላው ላይ አይቶ እንዲመረምር የሚያደርገው ቴአትር ነው። ተክለ ሐዋርያትም ይህን ጉድለት ለመሙላት ብዕራቸውን አነሡ።

ነገርን በምሳሌ መናገር ከጥንት ጀምሮ የኢትዮጵያውያን ልማድ ነው። ደራሲውም ከፈረንሳዊው ከላ ፎንቴን ተረቶች መነሻ ወስደው፣ አውሬዎች እንደ ሰው የሚነጋገሩበትን «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ድርሰት አዘጋጁ። ድርሰቱ በ1913 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ በቴራስ ሆቴል በመሳፍንትና በመኳንንት ፊት ታየ። በአማርኛ የተጻፈ የመጀመሪያው ቴአትር ይህ ነው።

ተመልካቾቹ በአውሬዎቹ ንግግር ሳቁ። ይሁን እንጂ በአውሬዎቹ አምሳል የተነቀፈው የጊዜው አስተዳደርና የሹማምንቱ ጉቦኛነት መሆኑን ለመረዳት አልተቸገሩም። ወሬው ከቤተ መንግሥት በደረሰ ጊዜ በንግሥት ዘውዲቱ ትእዛዝ ቴአትሩ ተከለከለ፤ የታተመውም መጽሐፍ ተሰበሰበ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ ቴአትር ሳይታይ ቀረ። የቴአትር ሥራ እንደገና የተንሰራራው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑ ወዲህ ነው።

ተክለ ሐዋርያት ግን በዚህ ተስፋ ቆርጠው አገራቸውን ከማገልገል አልተቆጠቡም። በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት አረቀቁ፤ የገንዘብ ሚኒስትርም ሆኑ። ኢጣልያ ኢትዮጵያን ለመውረር በተነሣች ጊዜ በዤኔቭ፣ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ አገራቸው ተከራከሩ። ጠላት አገሪቱን ሲይዝ ወደ ጅቡቲ ተሰደዱ፤ በኋላም በማዳጋስካር ብዙ ዓመት በስደት ኖሩ። ከስደት ተመልሰው የሕይወታቸውን ታሪክ ጽፈው በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ።

ፋቡላ የታየው ለጥቂት ጊዜ ነው። ሆኖም ከእርሱ በኋላ የተነሡት የቴአትር ደራስያን ሁሉ ተክለ ሐዋርያት በከፈቱት መንገድ ተጓዙ።