ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ (ሐምሌ 1878 – ሰኔ 1911 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ የመንግሥት ሹም፣ ጸሐፊና በአማርኛ ስለ ኢኮኖሚ ከጻፉት ቀዳሚው ሊቅ ናቸው። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው ቢሞቱም፣ ከሞቱ በኋላ የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተሰኘው መጽሐፋቸው እስከ ዛሬ ያነጋግራል። በጊዜው ብዙ ሰው እንደ በረከት ያያቸው ነገሮች ማለትም የውጭ ሸቀጥ፣ ባቡርና ባንክ በውስጣቸው የሸሸጉትን አደጋ ያሳዩ ሰው ናቸው።

የሕይወት ታሪክ

ገብረ ሕይወት በአድዋ አውራጃ ማይ ምሻም በምትባል ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው የአፄ ዮሐንስ 4ኛ ወታደር ሲሆኑ በ1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ሞተዋል። ልጁ በምፅዋ አቅራቢያ በምንኩሉ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ። ከዚያም ገና በልጅነታቸው ምፅዋ ወደብ ላይ ከቆመ መርከብ ገብተው በዚያው ወደ አውሮፓ ተሻገሩ። ኦስትሪያ ውስጥ አንድ ባለጸጋ ቤተሰብ አሳደጋቸው፤ ጀርመንኛ ተምረው በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጠኑ። የሚታወቁት ግን በሐኪምነት ሳይሆን በጉምሩክና በንግድ ሥራ ነው።

ወደ አገራቸው ተመልሰው የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆኑ። ንጉሠ ነገሥቱ በታመሙበት ዘመን ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይተውም ተመለሱ። በ1908 ዓ.ም. ገደማ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎም የድሬዳዋ ጉምሩክ ነጋድራስ ሆነው ተሾሙ። ነጋድራስ በጥንቱ ሥርዓት የነጋዴዎች አለቃና የቀረጥ ሰብሳቢ ማዕረግ ነው። ከእሳቸው ቀደም ብሎ በአዲስ አበባ ይህን ማዕረግ የያዙት ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል የኖሩበት ትልቅ ቤት በፒያሳ ይታወቃል።

የአራዳ ገበያና የጠገራ ብር

በገብረ ሕይወት ዘመን የአዲስ አበባ ንግድ ልብ አራዳ ነበር። ገበያው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ይቆም ነበር፤ በዙሪያውም የሕንድ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎች ሱቆች ነበሩ። (በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ገበያውን ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ አዛወሩት። በዚያው በፒያሳ ሠፈር የሚገኘው አትክልት ተራ ግን እስከ ሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ድረስ የከተማዋ ዋና የአትክልት ማከፋፈያ ሆኖ ቆይቷል፤ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ነው ወደ ጃንሜዳ የተዛወረው።)

በአራዳ ቡናው፣ ቆዳውና ሰሙ ይሸጥ የነበረው በማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነው። ለዝርዝር አሞሌ ጨው ያገለግል ነበር። ጠገራው 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ መቼም ተመታ መቼ 1780 የሚል የአውሮፓ ዓመት ተጽፎበታል። ሲይዙት ይከብዳል፣ ሲጥሉት ይጮኻል፤ ስለዚህ ከወረቀት ይልቅ የሚታመን ይመስላል። ነገር ግን የሚመታው ቪየና ሲሆን ዋጋውን የሚወስነው የለንደን የብር ማዕድን ገበያ ነበር። ከ1860ዎቹ ጀምሮ የአውሮፓ መንግሥታት ገንዘባቸውን ከብር ወደ ወርቅ ሲያዛውሩ የብር ዋጋ እየወደቀ ሄደ። በፓውንድ ወይም በፍራንክ ተምኖ ሸቀጥ በዱቤ የወሰደ የአራዳ ነጋዴ፣ ብሩ ሲረክስ ያንኑ ዕዳ ለመክፈል ብዙ ጠገራ መቁጠር ነበረበት። ሳንቲሙ ግን እጁ ላይ ምንም አልተለወጠም። አፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ ያስመቱት የራሳቸው ብርም ጠገራውን ከገበያ ሊያስወጣው አልቻለም።

ባንኩና ባቡሩ

በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ሥራ ጀመረ። መሥሪያ ቤቱ በአዲስ አበባ ቢከፈትም የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ልጅ ነበር፤ የበላይ ቦርዱም ይቀመጥ የነበረው ካይሮ ነው። የተመዘገበው ካፒታል 500,000 ፓውንድ ሲሆን፣ የወረቀት ገንዘብ የማውጣትና ሳንቲም የማስመታት ብቸኛ መብት ለ50 ዓመት ተሰጥቶታል። አንድ መንግሥት በገንዘቡ ላይ ያለውን ሥልጣን ለግማሽ ምዕት ዓመት ለውጭ አክሲዮን ባለቤቶች ሰጠ ማለት ነው።

የባቡሩ ጉዳይ ደግሞ ይበልጥ የተሸፈነ ነበር። ፈቃዱ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ ሲሰጥ ሥራው የግል ኩባንያ ንግድ ነበር። ኩባንያው ገንዘብ ሲያጥረው በ1894 ዓ.ም. ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር ተዋውሎ፣ በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ድጎማ ለማግኘት ሲል ለዚያ መንግሥት የቁጥጥር መብት ሰጠ። አፄ ምኒልክ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። ሐዲዱ ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ለዓመታት ቆመ፤ ኩባንያው በ1899 ዓ.ም. ከሰረ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በሌላ ኩባንያ ሥር በ1909 ዓ.ም. ነው። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው ውል ደግሞ በውጭ ሸቀጥ ላይ የሚጣለውን ቀረጥ በአብዛኛው በ10 በመቶ ስለገደበው አገሪቱ ብቻዋን ልትጨምረው አትችልም ነበር። ገብረ ሕይወት በጉምሩክ መዝገብ ላይ በየቀኑ ያዩት የነበረው የዚህን ውጤት ነው።

ሥራዎች

የመጀመሪያ ሥራቸው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በ1904 ዓ.ም. በአስመራ ታተመ። በዚህ አጭር ጽሑፍ የንጉሡ ሀብት ከመንግሥት ሀብት እንዲለይ፣ ግብር በቁርጥ በገንዘብ እንዲከፈል፣ የጉምሩክና የገንዘብ ሥርዓት እንዲሻሻል ጠይቀዋል።

«መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ታተመ። መነሻ ሐሳቡ ሀብት ከሥራ ይገኛል፣ ሥራ ደግሞ በዕውቀት ይበረታል የሚል ነው። በዕውቀት የገፋ ሕዝብ በጥቂት ቀን የሠራውን ጨርቅ፣ ያልገፋው ሕዝብ ብዙ ቀን በደከመበት ቡናና ቆዳ ይለውጣል። በገበያው ዋጋው እኩል ይመስላል፤ የተለወጠው ድካም ግን እኩል አይደለም። ስለዚህ ገበያ በሸቀጥ መሙላቱ አገር ለመበልጸጉ ማስረጃ አይሆንም። ገንዘብንም ራሱን ሀብት ሳይሆን የመለዋወጫ መሣሪያ አድርገው ያዩታል። ባቡርም ቢሆን ሕዝቡ ራሱ ካልሠራና ካልተማረ ጥሬ ዕቃ ማውጫና የሌላውን ሥራ ማስገቢያ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ነጻነቷን በጦር ያስከበረች አገር በንግድ የሌላ ጥገኛ ልትሆን እንደምትችል የሚያስረዳው ክፍል ከመጽሐፉ ሁሉ ጠንካራው ነው።

የላቲን አሜሪካ ኢኮኖሚስቶች፣ በተለይም ራውል ፕሬቢሽ፣ ስለ ጥሬ ዕቃና ስለ ፋብሪካ ዕቃ ልውውጥ ተቀራራቢ ክርክር ያቀረቡት ከ1940ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ስለሆነ፣ አንዳንድ ተመራማሪዎች ገብረ ሕይወትን የዚህ አስተሳሰብ ቀዳሚ አድርገው ይቆጥሯቸዋል። ንጽጽሩ ተገቢ ቢሆንም በጥንቃቄ መያዝ አለበት፤ ገብረ ሕይወት የውጭ ንግድ ይቅር አላሉም፣ መድኃኒቱም ከሁሉ በፊት ትምህርት ነው ብለው ያምኑ ነበር።

ከሞቱ በኋላ

በ1923 ዓ.ም. መንግሥት የአቢሲኒያ ባንክን በ235,000 ፓውንድ ካሳ አፍርሶ የኢትዮጵያ ባንክን አቋቋመ። በዚያው ጊዜ የዓለም የኢኮኖሚ ውድቀት የብር ዋጋን በግማሽ ያህል ስለጣለው የጠገራውም የመግዛት አቅም አብሮ ወደቀ። ጠገራ በሕግ ከመገበያያነት የወጣው በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲታወጅ ነው። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተንክር ቦንገር ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1995 ለንደን ታትሟል።