ጂጎሮ ካኖ፦ ትግልን ትምህርት ያደረጉ መምህር

ዛሬ ጭሮ የምትባለው አሰበ ተፈሪ የተመሠረተችው በጨርጨር ገዥ በፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነው። እኚሁ ሰው በ1931 የታወጀውን የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ሲያረቅቁ በ1889 የወጣውን የጃፓን ሕገ መንግሥት በአብነት መጠቀማቸው ይታወቃል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ስለዚህ ጃፓን ነባሩን ሳትጥል አዲሱን ዕውቀት ለመያዝ የተጣጣረችበት ያ ዘመን ለምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ታሪክ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ዘመኑ ካፈራቸው ሰዎች መካከል ለመምህራን ይበልጥ የሚቀርበው የጁዶ መሥራች ጂጎሮ ካኖ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዛሬ የብራዚል ጁጂትሱ በመባል በየአገሩ የሚሰጠው ሥልጠናም ምንጩ እኚሁ መምህር ናቸው።

ካኖ በ1860 በኮቤ አቅራቢያ ሚካጌ በምትባል ሥፍራ፣ የሩዝ ጠጅ በመጥመቅ ከታወቀ ቤተ ሰብ ተወለዱ። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱባቸው ከአባታቸው ጋር ወደ ቶኪዮ ሄዱ። በትምህርታቸው ብርቱ፣ በሰውነታቸው ግን ትንሽና ደካማ ነበሩና በአዳሪ ትምህርት ቤት ጉልበተኞች እየደበደቡ ያስቸግሯቸው ነበር። ደካማው ብርቱውን የሚያሸንፍበት ጁጂትሱ የሚባል ጥበብ መኖሩን የሰሙትም በዚሁ ጊዜ ነው።

አስተማሪ ማግኘት ግን ቀላል አልነበረም። የሳሙራይ መደብ ፈርሶ፣ በ1876 ሰይፍ መታጠቅ ተከልክሎ ስለነበር የጁጂትሱ ሊቃውንት እንጀራቸውን አጥተው ነበር። አያሌዎቹም ስለ አጥንትና ስለ መገጣጠሚያ ባላቸው ዕውቀት ወጌሻ ሆነው ይተዳደሩ ነበር። ካኖ ይህን በመገንዘብ ወጌሾችን እያፈላለጉ ሲጠይቁ ቆዩ። በመጨረሻም በ1877 የቶኪዮ ዩኒቨርስቲ ተማሪ ሳሉ ፉኩዳ ሃቺኖሱኬ የሚባሉ ወጌሻ ተቀብለው ያስተምሯቸው ጀመር። ፉኩዳ በ1879፣ ከእርሳቸው ቀጥሎ ያስተማሯቸው ኢሶ ማሳቶሞም በ1881 ሞቱ። ወጣቱ ካኖ ጥበቡ ከባለቤቶቹ ጋር አብሮ ወደ መቃብር ሊወርድ መቃረቡን በዓይናቸው አዩ።

በ1882፣ ገና በ22 ዓመታቸው ገደማ፣ በቶኪዮ ኤይሾጂ በሚባል የቡድሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ አሥራ ሁለት ምንጣፍ ብቻ በሚያነጥፍ ክፍል ኮዶካን የተባለውን ትምህርት ቤታቸውን ከፈቱ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ዘጠኝ ነበሩ። የሚያስተምሩትንም ጁዶ አሉት። ትርጉሙ የልስላሴ መንገድ ማለት ነው።

የካኖ ዋና ሥራ አዲስ አጣጣል መፍጠር አልነበረም። የቀደሙት ትምህርት ቤቶች ያስተምሯቸው ከነበሩት ስልቶች ብዙዎቹ አካል የሚያጎድሉ፣ ነፍስም የሚያጠፉ ስለነበሩ በሙሉ ኃይል ሊለማመዷቸው አይቻልም ነበር። ካኖ አደገኞቹን ነጥለው በተወሰነ ቅደም ተከተል ብቻ እንዲጠኑ አደረጉ። የቀሩትን ግን ሁለት ሰዎች ሳይመካከሩ፣ በሙሉ ጉልበት፣ እንዲፈታተኑባቸው ፈቀዱ። ጀማሪው ከመጣል በፊት አወዳደቅን ይማራል። አጣጣሉም በሦስት ደረጃ ተተንትኖ ይቀርብለታል፤ በመጀመሪያ የባላጋራን ሚዛን ማናጋት፣ ቀጥሎ የራስን አቋም ማስተካከል፣ በመጨረሻም መጣል ነው። ክንዱ የተቆለፈበት ወይም አንገቱ የታነቀ ተማሪ ምንጣፉን ወይም የጓደኛውን ገላ በእጁ መታ መታ ሲያደርግ ያዡ ወዲያውኑ ይለቀዋል። እጅ መስጠት በጦር ሜዳ ውርደት ቢሆንም፣ በዚህ ምንጣፍ ላይ ግን ተሸናፊው ሳይጎዳ ተነሥቶ፣ የተሸነፈበትን ምክንያት ጠይቆ እንደገና የሚሞክርበት የትምህርት ክፍል ሆነ።

ካኖ እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ በሙያቸው መምህር ነበሩ። የቶኪዮ ከፍተኛ የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤትን ከ1893 ጀምሮ፣ በመካከል እየተቋረጠም ቢሆን፣ ከሃያ ዓመት በላይ መርተዋል። ከቻይና ለሚመጡ ተማሪዎችም ትምህርት ቤት አቋቁመዋል። በ1926 በኮዶካን የሴቶች ክፍል ከፈቱ። ለትምህርታቸውም ሁለት መመሪያ አበጁለት፤ አንደኛው የአእምሮንና የአካልን ኃይል ሳያባክኑ ለመልካም ማዋል፣ ሁለተኛው ራስንም ሌላውንም በአንድነት መጥቀም ነው።

በ1909 ከእስያ የመጀመሪያው የዓለም አቀፍ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ሆኑ። በ1912 ሁለት ሯጮች ብቻ የነበሩትን የጃፓን ቡድን እየመሩ ወደ ስቶክሆልም ሄዱ። ከሁለቱ አንዱ፣ የራሳቸው ትምህርት ቤት ተማሪ የነበረው ሺዞ ካናኩሪ፣ የማራቶኑን ሩጫ በሙቀት ተሸንፎ አቋረጠ።

ጥበባቸውም ከእጃቸው ወጥቶ ባሕር ተሻገረ። የኮዶካን ተማሪ የነበረው ሚትሱዮ ማኤዳ በ1904 ከጃፓን ወጥቶ በብዙ አገሮች ከታገለ በኋላ በ1914 ብራዚል ገባና ቤሌም በተባለች ከተማ ኖረ። በዚያም ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የነበረውን ካርሎስ ግሬሲን አስተማረ። ካርሎስና ወንድሞቹ በ1925 በሪዮ ዴ ጃኔሮ ትምህርት ቤት ከፍተው፣ በተለይ ምድር ላይ ወድቆ የሚደረገውን ትግል አስፋፉት። በ1951 ጃፓናዊው የጁዶ ሰው ማሳሂኮ ኪሙራ የካርሎስን ታናሽ ወንድም ኤሊዮን በሪዮ ማራካና ስታዲዮም ክንዱን ቆልፎ አሸነፈው። የተሸነፉት ወገኖች ግን ያንን አያያዝ በአሸናፊው ስም ኪሙራ ብለው ለተማሪዎቻቸው ማስተማር ያዙ። ከሽንፈት መማር የካኖ ትምህርት መሠረት ነበርና ጥበቡ ስሙን ቢለውጥም ጠባዩን አልለወጠም።

የካኖ የመጨረሻ ዘመን በሐዘን የተሞላ ነበር። የ1940ን ኦሊምፒክ ለቶኪዮ ለማስገኘት ብዙ ደክመው በ1936 ተሳካላቸው። ነገር ግን በ1937 ጃፓን ከቻይና ጋር ጦርነት ውስጥ ገባች። ካኖ በካይሮ ከተደረገው የኮሚቴው ጉባኤ ሲመለሱ፣ ግንቦት 4 ቀን 1938 ሂካዋ ማሩ በተባለችው መርከብ ላይ በሳምባ ምች ሞቱ። ከሁለት ወር በኋላ መንግሥታቸው ጨዋታውን ማዘጋጀቱን ተወ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ጁዶ ከጦር መንፈስ ጋር ተቆራኝቷል ተብሎ በጃፓን ትምህርት ቤቶች ለጥቂት ዓመታት ተከለከለ። ጉዳት እንዳያደርስ ተብሎ የተቀረጸ ትምህርት ለጦርነት መንፈስ ማነሣሻ እንዳይውል መሥራቹ ብቻውን ሊጠብቀው አልቻለም።

ቶኪዮ ኦሊምፒክን ያዘጋጀችው በ1964 ነው። አበበ ቢቂላ ጥቅምት 21 ቀን ለሁለተኛ ጊዜ የማራቶን አሸናፊ በሆነበት ሳምንት ጁዶም ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሊምፒክ ውድድር ሆነ። ክብደት በማይለይበት ክፍል ሆላንዳዊው አንቶን ኼሲንክ ጃፓናዊውን አኪዮ ካሚናጋን አሸነፈ። የአገሩ ሰዎች በደስታ ወደ ምንጣፉ ሊሮጡ ሲሉም እጁን አንሥቶ አገዳቸው፤ ለተሸነፈው ሰው አክብሮት ሊያሳይ ፈልጎ ነበርና። ጃፓኖች በአገራቸው ቢሸነፉም የካኖ ትምህርት በባዕድ ሰው ጠባይ ላይ ሲሠራ ለማየት በቁ።

ከዚህ ሕይወት መምህራን የሚያገኙት ቁም ነገር ግልጽ ነው። በጭሮም ሆነ በገለምሶ፣ በበዴሳም ሆነ በሚኤሶ፣ ወጣቶችን ሰብስቦ ትግል ላስተምር የሚል መምህር ትልቅ አዳራሽ እስኪሠራለት መጠበቅ የለበትም፤ ካኖ የጀመሩት በተዋሱት ክፍል፣ በዘጠኝ ተማሪዎች ነው። ሊያጎድለው የማይገባው ግን አስቀድሞ አወዳደቅን ማስተማርና፣ ተማሪው ያሸነፈውን ጓደኛውን በወቅቱ እንዲለቅ ማልመድ ነው።