ቪቪየን ቶማስ፦ የሕክምና ዲግሪ ያልነበራቸው የልብ ቀዶ ሕክምና መምህር

ቪቪየን ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1910 በአሜሪካ ሉዊዚያና ግዛት ተወልደው በናሽቪል ከተማ አደጉ። የአናጺነትን ሙያ ከአባታቸው ተምረው፣ ከዚያ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ለሕክምና ትምህርት ሊያውሉት አስበው ነበር። በ1929 የጀመረው የኢኮኖሚ ድቀት ግን በመጀመሪያ ሥራቸውን፣ ባንኩ ሲከስርም ቁጠባቸውን ወሰደባቸው። በ1930 በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ በዶክተር አልፍሬድ ብላሎክ ቤተ ሙከራ ረዳትነት ተቀጠሩ። ጥቁር በመሆናቸው በደመወዝ መዝገብ ላይ የሰፈሩት በጽዳት ሠራተኛነት ነበር፤ ሥራቸው ግን የተመራማሪ ሥራ ነበር። ሁለቱ ከከባድ ጉዳት በኋላ የሚከተለው የደም ዝውውር መውደቅ ከደምና ከፈሳሽ መጥፋት የሚመጣ መሆኑን አሳዩ፤ ግኝቱም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለብዙ ቁስለኞች ሕይወት መትረፍ አገዘ።

በ1941 ብላሎክ ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ ሲዛወሩ ቶማስም አብረው ሄዱ። በዚያም የሕፃናት ልብ ሐኪሟ ዶክተር ሄለን ታውሲግ አንድ ጥያቄ አቀረቡላቸው። በአንዳንድ ሕፃናት ላይ ደም ወደ ሳንባ የሚሄድበት መንገድ ሲፈጠር ጀምሮ ጠባብ ነው፤ በታችኞቹ የልብ ክፍሎች መካከልም ቀዳዳ አለ። ኦክስጅን ያላገኘው ደም በቀጥታ ወደ ሰውነት ስለሚያልፍ የሕፃኑ ከንፈርና ጥፍር ይጠቁራል። ወደ ሳንባ ተጨማሪ ደም ማድረስ ይቻል ይሆን?

ቶማስ መጀመሪያ ሕመሙን በውሾች ላይ መፍጠር፣ ቀጥሎም ማቃለል ነበረባቸው። ሁለት ዓመት ገደማ በፈጀውና በ200 ያህል ውሾች ላይ በተካሄደው ሙከራ፣ ወደ ክንድ የሚሄደውን የደም ቧንቧ ከሳንባው ቧንቧ ጋር የመስፋትን ዘዴ አጠናቀቁ። ለሕፃን ቧንቧ የሚስማማ መርፌ ስላልነበረ ያለውን በእጃቸው አሳጠሩት። ኅዳር 29 ቀን 1944 እ.ኤ.አ. ብላሎክ የመጀመሪያዋን ሕፃን ሲያክሙ፣ ቶማስ በበርጩማ ላይ ቆመው ከትከሻቸው በላይ እያዩ ስፌቱን ይመሩ ነበር። ሕፃኗ ከወራት በኋላ ብታርፍም፣ የሦስተኛው ሕመምተኛ ከንፈር እዚያው በቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ላይ መልኩን ለወጠ። በ1945 የታተመው ጽሑፍ የብላሎክንና የታውሲግን ስም ያዘ፤ የቶማስ ስም በየትኛውም ገጽ አልነበረም። ይህን እንደ ዘመኑ ልማድ ብቻ ቆጥሮ ማለፍ አይገባም፤ ዛሬም በየቤተ ሙከራው ሙከራውን ያከናወነው እጅ ከጽሑፉ የሚቀርበት ጊዜ አለና።

ዘዴው ልብን ማቆምና የልብና የሳንባን ሥራ የሚተካ መሣሪያን ስለማይጠይቅ ክብደቱ ለኢትዮጵያ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ የልብ ማዕከል እስኪከፈት ድረስ፣ ዕድል የገጠማቸው ብዙዎቹ ሕፃናት ወደ ውጭ አገር ይላኩ ነበር። ከወላይታ ሶዶ ወደ አዲስ አበባ ልጁን ይዞ ለሚጓዝ ወላጅ፣ ሙሉው ጥገና እስኪደርስ ጊዜ የሚገዛ ስፌት ቀላል ነገር አይደለም። አሁን በአመዛኙ የሚሠራው በሰው ሠራሽ ቱቦ ሲሆን መሠረተ ሐሳቡ ያው ነው።

ቶማስ እንደ ዴንተን ኩሊ ያሉ የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችን አሠለጠኑ፤ ደመወዛቸው ስለማይበቃቸው ግን በብላሎክ ግብዣዎች ላይ መጠጥ እስከማስተናገድ ደርሰዋል። በ1976 ዩኒቨርሲቲው የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው፤ እሱም የሕግ እንጂ የሕክምና አልነበረም። በኅዳር 1985 አረፉ፤ የሕይወት ታሪካቸው መጽሐፍ የወጣው ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። ስፌቱንም ዛሬ ብዙዎች የብላሎክ፣ ታውሲግና ቶማስ ይሉታል።