ሰር ቪክተር ሆርስሊ፦ አንጎልን ከፍቶ መግባት የደፈረው ሐኪም

ስለ ታላላቅ የሳይንስ ሰዎች የተጻፉ ነገሮችን ሳነብ ብዙውን ጊዜ የሚያጋጥመኝ አንድ ነገር ፈልስፎ ስሙ ከዚያው ነገር ጋር ተጣብቆ የቀረ ሰው ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ላስተዋውቃችሁ የፈለግሁት እንግሊዛዊ ግን ከዚህ ወጣ ያለ ነው። ስለ እንቅርት ዕጢ ስታነቡ ታገኙታላችሁ፣ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ስታነቡ እዚያም አለ፣ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ጋ ስትደርሱማ ከፊት ቆሞ ነው የሚጠብቃችሁ። ያም ሆኖ በመማሪያ መጻሕፍቶቻችን ውስጥ ስሙ ቢነሳ በአንድ መስመር ታልፎ ነው። ይኼ ስላናደደኝ ነው ብዕር ያነሳሁት። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቪክተር ሆርስሊ የተወለደው ለንደን፣ ኬንሲንግተን በሚባለው ሰፈር፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1857 ነው። በዚያው ዕለት ንግሥት ቪክቶሪያ ልዕልት ቢያትሪስን ወለደች። ንግሥቲቱ ቤተሰቡን ታውቅ ስለነበር ቪክተር የሚለውን ስም ያወጣችለት እሷ ናት። አባቱ ጆን ካልኮት ሆርስሊ የታወቀ ሠዓሊ ነበር፤ በ1843 ለሽያጭ የቀረበውን የመጀመሪያውን የገና ካርድ የሣለው እሱ ነው። የእናቱ ወንድም ደግሞ ሐኪምም የሕትመት ሠዓሊም ነበር። ልጁ ታዲያ ከሁለቱም ወገን የወረሰ ይመስላል፤ የሥዕል እጅ ነበረው፣ በኋላም የራሱን የምርምር ሥዕሎች የሚሥለው ራሱ ነበር። ሕክምና የተማረው በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነው። ገና ወጣት ሐኪም ሳለ ማደንዘዣ ሰውን እንዴት እንደሚያደርገው ለማወቅ ብሎ በራሱ ላይ በተደጋጋሚ ሞክሯል። እኔ ይህን ሳነብ ትንሽ ዘግንኖኛል፤ ግን የሰውየው ጠባይ ከዚህ ጀምሮ ነው የሚታወቀው። መጠየቅ የፈለገውን ነገር አጥብቆ ይጠይቃል፣ ለራሱ አያዝንም።

በ1884 ብራውን ኢንስቲትዩሽን የሚባል ተቋም ኃላፊ ሆነ። ይህ ተቋም የታመሙ እንስሳት የሚታከሙበትና ምርምር የሚካሄድበት ቦታ ነበር። ቀዶ ሐኪም ከእንስሳት ሆስፒታል ጀመረ ማለት ነው። በዚያ ዘመን ሐኪሞችን ግራ ያጋባ አንድ በሽታ ነበር፤ ሰውየው ፊቱ ያብጣል፣ ቆዳው ይደርቃል፣ ንግግሩ ይጎተታል፣ አእምሮው ይደነዝዛል። በሌላ በኩል ደግሞ ስዊዘርላንዳዊው ኮኸር በ1883 እንቅርታቸውን ሙሉ በሙሉ አውጥቶላቸው የነበሩ ሕመምተኞች ከጊዜ በኋላ እንደዚያው ሆነው እንደተገኙ አስታወቀ። ሁለቱ ነገሮች አንድ ይሆኑ ይሆን? ሆርስሊ የጦጣዎችን የታይሮይድ ዕጢ በማውጣት ተከታተለ። ጦጣዎቹ ልክ እንደ ሰዎቹ ሆኑ። እንግዲህ ዕጢው ዝም ብሎ አንገት ላይ የተቀመጠ ሥጋ ሳይሆን ሰውነት ያለሱ የማይኖርበት ነገር መሆኑ ግልጽ እየሆነ መጣ። በ1891 የሱ ተማሪ የነበረው ጆርጅ መሪ ከበግ ታይሮይድ የተዘጋጀ ፈሳሽ ለአንዲት ሴት በመርፌ ሰጠ። ሴትየዋ ከዚያ በኋላ 28 ዓመት ኖረች። ዛሬ በየፋርማሲው የሚሸጠው የታይሮይድ ክኒን የዘር ሐረጉ እዚህ ላይ ነው የሚገኘው።

የእብድ ውሻውም ነገር እንዲሁ ነው። ፓስተር በ1885 ክትባቱን በሰው ላይ ሲሞክር እንግሊዞች ማመን አቃታቸው፤ በ1886 መንግሥት ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ አቋቋመ፣ ጸሐፊው ሆርስሊ ሆነ። ፓሪስ ድረስ ሄዶ አየ፣ ለንደን ተመልሶ ሙከራውን ራሱ ደገመው፣ ፓስተር ትክክል ነው ብሎ መሰከረ። ግን በክትባት ብቻ አልረካም። ውሾች ሁሉ አፋቸው ይታሰር ብሎ ተነሳ። የውሻ ወዳጅ በበዛበት አገር ይህን መናገር ጠላት መግዛት ነው። ሆኖም ሕጉ ወጣ፣ ከውጭ የሚገባ ውሻም ላይ ቁጥጥር ተደረገ፣ በ1902 በሽታው ከብሪታንያ ጠፋ። ዛሬም ድረስ በእብድ ውሻ ሰው በሚሞትበት አገር ለምንኖር ለኛ ይህ ቁም ነገር ቀላል አይመስለኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በ1886 መጀመሪያ ላይ በለንደን ኩዊን ስኩዌር ላይ በሚገኘው የሽባዎችና የሚጥል በሽታ ሕመምተኞች ብሔራዊ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም ሆኖ ተሾመ። ዕድሜው 28 ነበር። የራስ ቅል ከፍቶ አንጎል ላይ ቀዶ ሕክምና በማድረግ እሱ የመጀመሪያው አይደለም፤ ይህን መሸፋፈን አልፈልግም። ማክዩን የተባለው ስኮትላንዳዊ ከሱ ቀድሞ በግላስጎው ሠርቷል። በ1884ም ጎድሊ ለንደን ውስጥ ከአንድ ወጣት አንጎል ላይ ዕጢ አውጥቷል፤ ሕመምተኛው ግን ከወር ገደማ በኋላ በኢንፌክሽን ሞተ። የሆርስሊ ልዩነት ነገሩን የአንድ ቀን ጀብዱ ሳያደርግ ሥራዬ ብሎ መያዙ ነው።

ችግሩ ምን እንደነበር እናስብ። ኤክስሬይ የሚባል ነገር የለም፤ ሮንትገን ያገኘው በ1895 ነው። ሲቲ ስካን፣ ኤምአርአይ የዛሬ ወግ ናቸው። ታዲያ በሽታው በየትኛው የአንጎል ክፍል እንዳለ በምን ይታወቃል? እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ጃክሰን የተባለ አስተዋይ ሐኪም ነበር። የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ቁጭ ብሎ እያየ መንቀጥቀጡ ከየት እንደሚጀምር ይመዘግባል፤ ከአውራ ጣት ጀምሮ ወደ ክንድ፣ ከክንድ ወደ ፊት የሚሄድ ከሆነ የታመመው ቦታ አንጎሉ ላይ የእጅ ማዘዣ የሆነው ክፍል ነው ይላል። ፌሪየር ደግሞ የጦጣዎችን አንጎል በኤሌክትሪክ እየነካ የትኛው ቦታ የትኛውን ጡንቻ እንደሚያንቀሳቅስ ካርታ ሠርቶ ነበር። ሆርስሊ ራሱም ይህንኑ ሥራ በስፋት ገፍቶበታል። እኔ ባደግሁበት ሰፈር የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሲወድቅ ክብሪት ተጭሮ ይሸተታል፣ ዙሪያውን ከበው የሚያዩት ሰዎች ግን ማን የቱ እጁ ቀድሞ እንደተንቀጠቀጠ ልብ አይሉም። ጃክሰን ያየው ሁላችንም እያየን የማናየውን ነው።

ግንቦት 25 ቀን 1886 የ22 ዓመት ስኮትላንዳዊ ወጣት ጠረጴዛው ላይ ተኛ። ልጁ በሰባት ዓመቱ ኤዲንብራ ውስጥ ሠረገላ ገጭቶት የራስ ቅሉ ተሰብሮ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሚጥል በሽታ ያዘው፣ እየባሰበትም ሄደ። ጃክሰንና ፌሪየር አጠገቡ ቆመው ያያሉ። ሆርስሊ ቅሉን ከፍቶ ጠባሳውን ካለበት ቦታ አገኘው፣ ቆርጦም አወጣው። ልጁ ዳነ፣ መጣሉም ቆመለት። በዚያ ዓመት ውስጥ ከሠራላቸው አሥር ሕመምተኞች የሞተው አንድ ብቻ ነው። አንቲባዮቲክ በሌለበት፣ ደም መስጠት ባልተለመደበት ዘመን ይህን ቁጥር ደግማችሁ አንብቡት።

ከሁሉም በላይ እኔን የሚይዘኝ ግን የሚቀጥለው ዓመት ታሪክ ነው። የ42 ዓመት ሰው ጀርባው ላይ ከባድ ሕመም ከጀመረው ሦስት ዓመት ሆኖታል። ከሐኪም ሐኪም ተንከራቷል፣ ብዙዎቹ ምንም አላገኙበትም፤ በመጨረሻ እግሮቹ ሽባ ሆኑ፣ ሽንቱንም መቆጣጠር አቃተው። ጎወርስ የተባለው የነርቭ ሐኪም ሕብለ ሰረሰሩን የተጫነው ዕጢ ነው አለና ቦታውን በሕመሙ ምልክት ብቻ ገምቶ ሆርስሊን ጠራ። ሰኔ 9 ቀን 1887 ሆርስሊ የጀርባውን አከርካሪ ከፈተ። ምንም የለም! ሕብለ ሰረሰሩ ጤነኛ መስሎ ተኝቷል። አንድ አጥንት ወደ ላይ ጨመረ፣ አሁንም የለም። እዚህ ላይ ቁስሉን ዘግቶ ቢወጣ ማንም አይወቅሰውም ነበር። ረዳቱ ባላንስ ግን ትንሽ ወደ ላይ እንሂድ ብሎ ወተወተ፤ ሆርስሊም ሰማው፣ አንድ አጥንት አነሱ። ዕጢው እዚያ ነበር፤ የለውዝ ፍሬ የመሰለች ትንሽ ነገር። ሰውየው ቀስ በቀስ እግሩ ተመለሰለት፣ በዓመቱ እየተራመደ ወደ ሥራው ተመልሶ ነበር፣ ከዚያም ብዙ ዓመት ኖረ። ከሕብለ ሰረሰር ላይ ዕጢ ወጥቶ የዳነ የመጀመሪያው ሰው ነው። የመጽሐፍ ጸሐፊዎች ምስጋናውን ለሆርስሊና ለጎወርስ ያካፍሉታል። እኔ ብሆን ከምስጋናው ከፍ ያለ ድርሻ ለረዳቱ እሰጥ ነበር። ለሆርስሊም ቢሆን ትልቁ ነገር ቢላዋው አይመስለኝም፤ ዋናው ሐኪም ሆኖ ሳለ የታናሹን ቃል መስማቱ ነው።

በ1892 ደግሞ ሲቆረጥ የሚደማ አጥንትን የሚያቆም ሰም አዘጋጀ፤ የንብ ሰም፣ የለውዝ ዘይትና ሳሊሲሊክ አሲድ ነው። የአጥንት ሰም ዛሬም ከቀዶ ሕክምና ክፍል አልጠፋም። በ1908 ከሮበርት ክላርክ ጋር ሆኖ አንድ መሣሪያ አሳተመ፤ በጭንቅላት ላይ ተገጥሞ በሦስት አቅጣጫ ልኬት መርፌን አንጎል ውስጥ ወደሚፈለገው ነጥብ የሚያደርስ ነው። ለእንስሳት የተሠራ ነበር። ለሰው የዋለው ሁለቱም ካለፉ በኋላ፣ በ1947 አሜሪካ ውስጥ ነው። በ1902 የሰርነት ማዕረግ አግኝቷል።

ሁሉም ሰው ግን አልተደነቀበትም። በ1900 አሜሪካዊው ወጣት ሐኪም ኩሺንግ ሊማርበት ለንደን መጣ። ሆርስሊ ይዞት ወደ አንዲት ሕመምተኛ ቤት ሄደና እዚያው ቤቷ ውስጥ የፊቷን ነርቭ ሥር ቆርጦ፣ ሰዓት ሳይሞላ ጨርሶ ወጣ። ኩሺንግ በጥድፊያውና በደሙ ብዛት ተደናግጦ ከዚህ ሰው የምማረው የለም ብሎ ሄደ። በኋላ ኩሺንግ ራሱ ቀስ ብሎ፣ ደም እየጠበቀ በመሥራት የዘመናዊው አንጎል ቀዶ ሕክምና አባት ተባለ። እኔ ኩሺንግን አልወቅሰውም። ሆኖም ማደንዘዣው ራሱ በሚገድልበት በ1880ዎቹ ለተማረ ሰው ፍጥነት ቅንጦት አልነበረም።

ጸቡ ደግሞ ብዙ ነበር። በእንስሳት ላይ የሚደረግ ምርምር ይቁም የሚሉት ወገኖች ዋና ጠላታቸው እሱ ነው። በ1892 ፍራንሲስ ፓወር ኮብ የምትባል ደራሲ በስሟ ያወጣችው መጽሐፍ ለእንስሳቱ ማደንዘዣ መሰጠቱን የሚገልጹ ቃላትን እየዘለለ እንደጻፈ ሆርስሊ በአደባባይ አጋለጠ፤ መጽሐፉም ተሰብስቦ እንዲታረም ሆነ። በክርክሩ ላይ የተጠቀመበት አንደበት ግን ለሴትየዋም ለጉዳዩም የማይመጥን ሻካራ ነበር። የእንስሳቱ ጥያቄ ራሱ እንዲህ በቀላሉ የሚዘጋ አይደለም፤ የታይሮይዱ መድኃኒትም የአንጎሉ ካርታም የመጡት በጦጣዎች ነው፣ ጦጣዎቹን ደግሞ ማንም ፈቃድ አልጠየቃቸውም።

አልኮል አይነካም፣ ሲጋራ አያጨስም፣ ሌላው እንዳይነካም ይሰብካል። በ1907 ከሜሪ ስተርጅ ጋር አልኮል በሰው አካል ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት መጽሐፍ አሳተመ። ሴቶች የመምረጥ መብት ይሰጣቸው ይል ነበር፤ በ1912 እስር ቤት ውስጥ ምግብ አንበላም ያሉ ሴቶች በጉሮሯቸው ቱቦ እየተከተተ በግድ ሲመገቡ፣ ከሁለት ሐኪሞች ጋር ሆኖ የሚደርስባቸውን ጉዳት የሚዘረዝር ሪፖርት አወጣ። መንግሥት ለሠራተኛው የጤና ኢንሹራንስ ሕግ በ1911 ሲያወጣም አብዛኞቹ የሙያ ጓደኞቹ ሲቃወሙ እሱ ደገፈ። ፓርላማ ለመግባት በ1910 ተወዳድሮ ተሸንፏል። ብዙ ወዳጅ በአንድ ጊዜ ማጣት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ዝርዝር የሚገኝ አይመስለኝም።

ጦርነቱ ሲነሳ ዕድሜው 57 ነበር። ቤቱ ቁጭ ብሎ ማማከር ይችል ነበር። እሱ ግን ወደ ግብፅ ሄደ፣ ከጋሊፖሊ የሚመጡትን ቁስለኞች አየ፣ በ1916 ደግሞ ሜሶፖታሚያ፣ የዛሬዋ ኢራቅ ገባ። እዚያ የጠበቀው የሚያሳፍር ነበር፤ መድኃኒት የለም፣ ማጓጓዣ የለም፣ ለሕመምተኛ የሚሆን ምግብ እንኳ የለም። አለቆች አይወዱኝም ሳይል በደብዳቤ በደብዳቤ ጮኸ። የሙቀቱ ነገር ለኛ አፋርና ዳሎል ለምናውቀው ብቻ የሚገባ ነው። በዚያ ሐሩር ውስጥ ከአንዱ ሕመምተኛ ወደ ሌላው ሲል ሙቀቱ መታው። ሐምሌ 16 ቀን 1916 በ59 ዓመቱ አማራ በምትባለው የጤግሮስ ዳር ከተማ ሞተ። የከተማዋ ስም ከኛ አማራ ጋር በአጋጣሚ ከመመሳሰሉ በቀር ዝምድና የለውም። የተቀበረውም እዚያው፣ ከወታደሮቹ ጋር ነው።